የታዘዘው ጠብታና ዓይን ውስጥ የገባው ጠብታ

ግላኮማ፣ በተለምዶ «የዓይን ግፊት» የሚባለው በሽታ፣ መድኃኒቱ ለታካሚው ምንም የሚታወቅ ለውጥ የማያመጣለት በሽታ ነው። ራሱን ያመመው ሰው ኪኒን ውጦ ሕመሙ ሲለቀው መድኃኒቱ እንደሠራ ያውቃል፤ ትኩሳት የያዘውም ሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ይረዳዋል። አብዛኛው የግላኮማ ታካሚ ግን ዓይኑን አያመውም፤ ፊት ለፊቱ ያለውንም ለዓመታት አጥርቶ ያያል። ማታ ጠብታውን ቢያደርግም ባያደርግም ጠዋት ሲነሣ የሚያየው ያንኑ ነው። እንዲያውም ጠብታው ያቃጥለዋል፣ ዓይኑን ያቀላዋል፣ ገንዘብም ያስወጣዋል። ጥቅሙ የሚገለጸው ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ሳይታወር ሲቀር ነው። እንዲህ ያለውን መድኃኒት ዕድሜ ልክ፣ በየቀኑ፣ ሳያሰልሱ ማድረግ ለማንም ሰው ከባድ ነው። በሕክምናው በኩል የዓይን ግፊት በመሣሪያ ይለካል፣ የዕይታ ስፋት በኮምፒውተር ይለካል፣ የነርቩ ውፍረት በማይክሮን ይለካል። ጠብታው ዓይን ውስጥ መግባት አለመግባቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው «መድኃኒቱን እየወሰዱ ነው?» በሚል አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱም በአብዛኛው «አዎ» ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ይህ አንድ ነገር ሳይለካ ሲቀር የሌሎቹ ልኬቶች ትርጉም እንደሚዛባ፣ መለካቱም ያለ ውድ መሣሪያ እንደሚቻል፣ ዋናው ጥቅሙም ሐኪሙን ከተሳሳተ ውሳኔ ማዳን እንደሆነ ነው።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ዓይናችን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጭ ንጹሕ ፈሳሽ አለ፤ ይህ ፈሳሽ በጠባብ ወንፊት መሰል መውጫ በኩል ወደ ደም ሥር ይፈሳል። መውጫው ሲጠብ ፈሳሹ ይጠራቀምና በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። በአብዛኛው ሰው ዘንድ ግፊቱ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ከዚህ ሲያልፍ፣ በአንዳንዶችም ሳያልፍ፣ ከዓይን ወደ አንጎል ምስል የሚያደርሰው ነርቭ ቀስ በቀስ ይሞታል። ዕይታ የሚጠፋው ከዳር ወደ መሐል ስለሆነ ታካሚው የሚነቃው ብዙውን ጊዜ ከረፈደ በኋላ ነው። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይገፈፋል፤ የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ስሌት በዓለም ላይ የግላኮማ ታካሚዎች ቁጥር በ2020 ወደ 76 ሚሊዮን፣ በ2040 ደግሞ ወደ 112 ሚሊዮን እንደሚደርስ ገምቷል። በአገራችን በ2005 እና 2006 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ለዓይነ ስውርነት ምክንያት ከሆኑት ውስጥ ግማሹን የዓይን ሞራ፣ 11.5 ከመቶውን የትራኮማ ጠባሳ፣ 5.2 ከመቶውን ግላኮማ ሆኖ አግኝቶታል። ግላኮማ ከሁለቱ ያነሰ ቢመስልም የወሰደውን የማይመልስ በመሆኑ ይከፋል። ሐኪም ሊያደርግ የሚችለው ግፊቱን ዝቅ አድርጎ የቀረውን ዕይታ ማቆየት ነው፤ ይህም ዋጋ አለው። በስዊድን ማልመና ሄልሲንግቦሪ የተካሄደውና ውጤቱ በ2002 ይፋ የሆነው ጥናት እንዳሳየው ግፊቱ በአንድ ሚሊ ሜትር በቀነሰ ቁጥር በሽታው የመባባስ ዕድሉ በ10 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል።

እንግዲህ አንድ ታካሚ ለቀጠሮው መጣ እንበል። ከሦስት ወር በፊት ጠብታ ታዞለታል፤ ዛሬ ግፊቱ ሲለካ 26 ሆነ። ይህ ቁጥር ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮችን ሊናገር ይችላል፤ አንደኛው መድኃኒቱ ለዚህ ሰው አልሠራም የሚል ነው፣ ሁለተኛው መድኃኒቱ ዓይኑ ውስጥ አልገባም የሚል። ለመጀመሪያው መፍትሔው መድኃኒት መቀየር ወይም መጨመር ነው። ለሁለተኛው መፍትሔው መድኃኒት መጨመር ሊሆን አይችልም፤ አንዱን ብልቃጥ መጨረስ ላቃተው ሰው ሁለተኛና ሦስተኛ ብልቃጥ ቢታዘዝለት ወጪው ይበዛል፣ ሰዓቱ ይወሳሰባል፣ የሚዘለውም ቁጥር ይጨምራል። ነገሩ በዚህ ከቀጠለ «በመድኃኒት አልተቻለም» ተብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና ይሄዳል፤ ቀዶ ሕክምናው ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ሐኪሙ የግፊቱን ቁጥር በትክክል ለክቷል፤ የተሳሳተው ከቁጥሩ ጀርባ ያለውን ምክንያት ነው። ስለዚህ የመድኃኒት አወሳሰድን መለካት ውሳኔው ራሱ የቆመበት መሠረት ነው።

ጥያቄው እንዴት ይለካል የሚለው ነው። ቀላሉ መንገድ መጠየቅ ነው፤ የመጠየቅን ድክመት ከሁሉ በላይ ያሳየው ደግሞ በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ማይክል ካስ የተባሉ የዓይን ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጥናት ነው። በዚያን ጊዜ ዋነኛ ከነበሩት የግላኮማ መድኃኒቶች አንዱ በቀን አራት ጊዜ የሚደረገው ፓይሎካርፒን ነበር። ተመራማሪዎቹ ለ184 ታካሚዎች መደበኛውን የመድኃኒት ዕቃ የሚመስል፣ ውስጡ ግን የተከፈተበትን ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያ ሰጧቸው። ታካሚዎቹ ሲጠየቁ ከታዘዘላቸው 97 ከመቶ ያህሉን እንዳደረጉ ተናገሩ። መሣሪያው የመዘገበው 76 ከመቶ ነበር። ከመቶ 15ቱ ታካሚዎች ከታዘዘላቸው ግማሹን እንኳ አላደረጉም። ይበልጥ የሚያሳስበው ተከታዩ ግኝት ነው፤ ሐኪሞቹ ከታካሚዎቻቸው መካከል የትኛው እንደሚያቋርጥ እንዲለዩ ሲጠየቁ በትክክል ሊለዩ አልቻሉም። ንጹሕ የለበሰ፣ በሰዓቱ የሚመጣ፣ በአክብሮት የሚመልስ ታካሚ ጠብታውን በሚገባ ያደርጋል ማለት አይደለም፤ የተጎሳቆለውም ያቋርጣል ማለት አይደለም። የሐኪም ግምት እዚህ ላይ መለኪያ ሊሆን እንደማይችል ከዚያ ወዲህ በማያጠራጥር ሁኔታ ታውቋል።

ሁለተኛው መንገድ የፋርማሲ መዝገብ ነው። ሰው ያልገዛውን መድኃኒት ሊወስድ ስለማይችል፣ ብልቃጡን የገዛባቸው ቀናት ተቆጥረው ብልቃጡ ሊያቆይ ከሚገባው ጊዜ ጋር ይነጻጸራሉ። በአሜሪካ የጤና መድን መዝገቦች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ሲታተም፣ የግላኮማ ጠብታ ከጀመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በስድስት ወር ውስጥ ማንኛውንም ጠብታ መግዛት እንዳቆሙ አሳይቷል። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን መለየት ያሻል። አንዱ ሕክምናውን እየቀጠለ አልፎ አልፎ ቀን የሚዘል ሰው ነው፤ ሌላው ጭራሹን የተወ ሰው ነው። የፋርማሲ መዝገብ የተወውን በደንብ ያሳያል፤ የሚዘለውን ግን ያደበዝዛል። መዝገቡ ብዙውን ጊዜ ሰውን «ይከታተላል» እና «አይከታተልም» ብሎ የሚከፍልበት የ80 ከመቶ ድንበርም ለግላኮማ ተብሎ የተሰላ አይደለም። መነሻው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካናዳ ሃሚልተን ከተማ የደም ግፊት ባለባቸው የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። 79 ከመቶ ያደረገው ሰው ይታወራል፣ 81 ከመቶ ያደረገው ይድናል ማለት አይደለም።

የፋርማሲ ስሌት እንዴት እንደሚያሳስት ለማየት አንዱን ብልቃጥ ብቻ ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። ዛሬ በሰፊው ከሚታዘዙት ጠብታዎች አንዱ ላታኖፕሮስት ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ በተለምዶ ማታ ይደረጋል። ብልቃጡ 2.5 ሚሊ ሊትር ሲሆን 80 ያህል ጠብታ ይወጣዋል። በሁለቱም ዓይኖቹ የሚያደርግ ሰው በየማታው 2 ጠብታ ያጠፋል፤ ስለዚህ ብልቃጡ 40 ቀን ያህል ሊያቆየው ይገባል። በ60 ቀን የሚገዛ ታካሚ ከሦስቱ ማታ አንዱን ይዘልላል ብሎ መገመት ይቻላል። ነገር ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ለእያንዳንዱ ዓይን ሁለት ሦስት ጠብታ እያወጣ፣ ጉንጩም ላይ እያፈሰሰ ብልቃጡን በሁለትና በሦስት ሳምንት ይጨርሰዋል። መዝገቡ ይህን ሰው «ከሚገባው በላይ ጎበዝ» ይለዋል፤ እውነቱ ግን ወር ሳይሞላ ባዶ ብልቃጥ ይዞ ገንዘብ እስኪያገኝ የሚጠብቅ ሰው ነው። በአገራችን ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል። አንድ ታካሚ ዛሬ ከሆስፒታሉ፣ በሚቀጥለው ወር ከከነማ ወይም ከቀይ መስቀል ፋርማሲ፣ በሌላ ጊዜ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከላከለት ሊጠቀም ይችላል። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያይ መዝገብ በሌለበት የፋርማሲ ስሌት ብቻውን የሚያወላዳ አይደለም።

ሦስተኛው መንገድ ብልቃጡ ራሱ እንዲመዘግብ ማድረግ ነው። በባልቲሞርና በፊላደልፊያ በሚገኙ የዓይን ሕክምና ማዕከላት 196 ታካሚዎችን ለሦስት ወር የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ትራቮፕሮስት የተባለውን ጠብታ፣ መጫኛው በተነካ ቁጥር ቀንና ሰዓቱን በሚመዘግብ መያዣ ውስጥ አድርጎ ሰጣቸው። ከሴንት ሉዊሱ የሚለየው ታካሚዎቹ እየተመዘገቡ መሆናቸው ስለተነገራቸው ነው፤ መድኃኒቱም የተሰጣቸው በነጻ ነበር። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረግ፣ በነጻ የሚሰጥ፣ እየታየ ያለ መድኃኒት ሆኖ እንኳ 45 ከመቶ ያህሉ ከታዘዘላቸው ሦስት አራተኛውን እንኳ አላደረጉም። ሰዓቱ በተናጠል ሲታይ ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ፤ ከግማሽ በታች የሚያደርጉት ታካሚዎች ከሐኪም ቤት እንደተመለሱና ቀጣዩ ቀጠሮ ሲቃረብ ጠብታውን በትጋት ያደርጋሉ፣ በመሐሉ ባሉት ሳምንታት ይተዉታል። ካስም ከሃያ ዓመት በፊት ከቀጠሮ በፊት ባለው አንድ ቀን አወሳሰዱ እንደሚሻሻል አይተው ነበር።

ከዚህ ግኝት ተነሥቶ «ግፊቱ ከተለካ ሌላ መለኪያ ምን ያደርጋል? መድኃኒት ያላደረገ ሰው ግፊቱ ይናገርበታል» ለሚለው የተለመደ ክርክር መልስ መስጠት ይቻላል። የላታኖፕሮስትና የትራቮፕሮስት ውጤት ከ24 ሰዓት በላይ ይቆያል። ቀጠሮው ሲደርስ ጥቂት ቀን ጠብታውን ያደረገ ሰው ሐኪሙ ፊት ሲቀርብ ግፊቱ ደህና ይሆናል፤ ሐኪሙም «ጥሩ ነው፣ በዚሁ ይቀጥሉ» ብሎ ያሰናብተዋል። ከስድስት ወር በኋላ የዕይታ ስፋቱ ጠብቦ ሲገኝ ግን «ግፊቱ ደህና ሆኖ ሳለ በሽታው ባሰ» ይባልና ሌላ ምክንያት ይፈለጋል። በቀጠሮ ቀን የሚለካው ግፊት ስለ ያለፉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስለ ያለፉት ሦስት ወራት ምስክር ሊሆን አይችልም።

ኤሌክትሮኒኩ መሣሪያም ቢሆን ፍጹም አይደለም። መጫኛው መነካቱን ይመዘግባል እንጂ ጠብታው የት እንደወደቀ አያውቅም። የመጨረሻዋ አንድ ሴንቲ ሜትር ርቀት ብዙ መድኃኒት የሚባክንባት ናት። ለዓመታት ጠብታ ሲያደርጉ የኖሩ ታካሚዎችን በቪዲዮ የቀረጸ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ጠብታውን ዓይናቸው ላይ ማሳረፍ የቻሉት ከአሥሩ ሰባት ያህሉ መሆናቸውን አሳይቷል። አንድ ጠብታ ብቻ አውጥተው፣ የብልቃጡን ጫፍ ዓይናቸው ላይ ሳያስነኩ ያደረጉት ደግሞ ከአሥሩ አራት ያህሉ ብቻ ናቸው። ጫፉ ዓይንን ሲነካ ብልቃጡ በጀርም ይበከላል፤ ዓይንም ሊቆስል ይችላል። እነዚህ ሰዎች ቢጠየቁ «አንድም ቀን አልዘለልሁም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የፋርማሲው መዝገብ ይመሰክርላቸዋል፣ ኤሌክትሮኒኩም ይመሰክርላቸዋል፤ ነርቫቸው ግን መድኃኒት ሳያገኝ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም መለኪያ ይዋሻል፤ መለካቱ ይቅር» ማለት ቀላል ነው፤ ግን ስሕተት ነው። እያንዳንዱ መለኪያ የሚሳሳትበት አቅጣጫ ይታወቃል፤ አቅጣጫው የታወቀ ስሕተት ደግሞ ጠቃሚ ነው። መጠየቅን እንውሰድ። ታካሚው «ሁልጊዜ አደርጋለሁ» ሲል መልሱ ብዙ አይታመንም፤ ምክንያቱም ያላደረገውም ይህንኑ ይላል። «አንዳንድ ጊዜ ይዘለኛል» ሲል ግን መልሱ እጅግ የታመነ ነው፤ ማንም ሰው አድርጎ ሳለ አላደረግሁም ብሎ ሐኪሙ ፊት አይወቀስም። ይህ በማስረጃ የተደገፈ ነው። አዲስ በታወቀ ግላኮማ ላይ የተካሄደውን ትልቅ የአሜሪካ የሕክምና ጥናት መረጃ መልሰው የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ሥራ፣ በክትትሉ ዘመን ሁሉ አንድም ቀን አልዘለልንም ያሉት ታካሚዎች ያጡት የዕይታ መጠን 0.62 ዴሲቤል (በዕይታ ስፋት ምርመራ መለኪያ)፣ ማለትም በእርጅና ብቻ ሊጠፋ ከሚችለው የማይበልጥ ሆኖ አግኝተውታል። ከቀጠሮዎቻቸው በአንድ ሦስተኛው ላይ መዝለላቸውን የተናገሩት 1.42፣ በሁለት ሦስተኛው ላይ የተናገሩት 2.23 ዴሲቤል አጥተዋል። ይህ ሁሉ የተገኘው በቃል ጥያቄ ብቻ ነው። ደካማ የተባለው መለኪያ፣ ታካሚው እውነቱን ሲናገር፣ ማን ዓይኑን እያጣ እንደሆነ ለይቶ ያሳያል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ እውነቱን መናገር ለታካሚው ቀላል እንዲሆንለት ማድረግ ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ፤ አባባሉ ጥፋቱን በታካሚው ላይ ያደርጋል። ነገር ግን ሰው የሚደብቀው መናገሩ የሚያስወቅሰው ሲመስለው ነው። «መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰዱ ነው አይደል?» የሚል ጥያቄ መልሱን ይዞ የመጣ ጥያቄ ነው፤ በተለይ ሐኪምን በሚያከብርና ፊት ለፊት «አይ» ማለትን ነውር በሚያደርግ ማኅበረሰብ ውስጥ ሌላ መልስ አይወጣውም። «ይህን ጠብታ በየቀኑ ማድረግ ለብዙ ሰው ይከብዳል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ማታ ያህል አልተመቸዎትም?» የሚለው ግን በሩን ይከፍታል። የቃላት ልዩነት ትንሽ ትመስላለች፤ በልኬት ቋንቋ ግን መሣሪያውን ማስተካከል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ተገቢ የሆነ ተቃውሞ ይነሣል። መለካት ማለት መሰለል አይደለምን? ታካሚ ትልቅ ሰው ነው፤ በራሱ ዓይን የራሱን ውሳኔ የመወሰን መብት አለው፤ ብልቃጡ እንዲመዘግብበት ማድረግና መድኃኒቱን የገዛበትን ቀን መቁጠር ክብሩን ይነካል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በተለይ የ1986ቱን ጥናት በመሰለ በድብቅ ምዝገባ ላይ። መልሱ ልኬቱ የማን ነው በሚለው ላይ ይወሰናል። ውጤቱ ታካሚውን ለመገሠጽ፣ ከሕክምና ለማስወጣት ወይም የመድን ክፍያውን ለመከልከል ከዋለ ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው። ታካሚው እያወቀ፣ እየፈቀደ፣ ውጤቱንም ከሐኪሙ ጋር አብሮ እያየ ከሆነ ግን የሚጠቀመው ራሱ ነው፤ የማያስፈልገው ሁለተኛ መድኃኒት አይታዘዝለትም፣ የማያስፈልገው ቀዶ ሕክምናም አይደረግለትም። አውቆ «አልፈልግም» ያለ ታካሚ መብቱ የተጠበቀ ነው። ያለ ልኬት ግን ያልፈለገውን፣ የረሳውን፣ ገንዘብ ያጣውንና እጁ የተንቀጠቀጠበትን መለየት አይቻልም፤ አራቱም «አዎ» ብለው ይሄዳሉ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሳይንሱ ውስጥ የሚመጣ ስለሆነ በቅንነት ሊታይ ይገባል። በባልቲሞርና በፊላደልፊያ ተመራማሪዎቹ በደንብ ከማያደርጉት ታካሚዎች ለገሚሱ ትምህርታዊ ቪዲዮ፣ የስልክ ማስታወሻና የሚጮህ ደወል ሰጥተዋቸው ነበር። አወሳሰዳቸው ከ54 ወደ 73 ከመቶ ከፍ አለ፤ ግፊታቸው ግን ጉልህ ለውጥ አላሳየም። ታዲያ ልኬቱና ማሻሻያው ምን ፈየደ? ሊባል ይችላል። ሁለት ነገር ልብ ማለት ይገባል። ጥናቱ የወራት እንጂ የዓመታት አልነበረም። ግፊቱ የተለካውም በቀጠሮ ቀን ነው፤ ቀደም ብለን እንዳየነው ደግሞ በቀጠሮ ሰሞን ሰነፉም ይተጋል፤ ስለዚህ ልዩነቱ በዚያ ቀን ልኬት ላይ ባይታይ አይደንቅም። ይህም ቢሆን ማስታወሻና ደወል ብቻውን ዓይነ ስውርነትን ይከላከላል የሚያሰኝ ማስረጃ እስካሁን የለም ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ልኬት መድኃኒት አይደለም፣ መድኃኒት ከመጨመሩ በፊት መታየት ያለበት መረጃ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከእኛው ሁኔታ የሚነሣ ነው። በቀን ብዙ ሰው የሚያይ ሐኪም ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ጊዜ ከየት ያመጣል? ታካሚውስ መድኃኒቱን መግዛት አቅቶት ሳለ መለካት ቅንጦት አይሆንም? በጅማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት ከ200 የግላኮማ ታካሚዎች መካከል ጠብታቸውን በታዘዘው መሠረት የሚያደርጉት አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል፤ ይህም በታካሚዎቹ በራሳቸው ቃል የተገኘ ነው። ችግሩ እንዲህ ሰፊ ከሆነ ሁሉንም በአንድ መፍትሔ ማከም አይቻልም። ገንዘብ ያጠረው ሰው የሚያስፈልገው ርካሽ አማራጭ ወይም የመድን ሽፋን ነው፤ ምክር አይጠቅመውም። ጠብታ ጾም ያስፈታል ብሎ የሚዘል ሰው የሚያስፈልገው የሰዓት ለውጥ ነው፤ በቀን አንድ ጊዜ የሚደረገውን ወደ ማታ 3 ሰዓት ማዛወር ይበቃዋል። ጠበል ገብቶ ብልቃጡን ቤት የተወ ሰው የሚያስፈልገው ሁለቱን አጣምሮ መያዝ እንደሚችል በአክብሮት የሚነግረው ሰው ነው። ዓይኑን የሚስተው ሰው ደግሞ የሚያደርግለት የቤተሰብ አባል ያስፈልገዋል። አቅም ባነሰበት አገር የተሳሳተ መፍትሔ ላይ የሚባክን ገንዘብ የለም፤ ምክንያቱን መለየት የሚያስፈልገው ይልቁንም እዚህ ነው። ጊዜውም ቢሆን ሁሉ በሐኪሙ ትከሻ ላይ መውደቅ የለበትም፤ ነርሷ ወይም ፋርማሲስቱ በሁለት ሦስት ደቂቃ ሊጨርሱት ይችላሉ።

የመጨረሻው ክርክር ጠብታን ጭራሹን እንተው የሚል ነው። በሞሺ፣ ታንዛኒያ፣ በሌዘር የፈሳሹን መውጫ የሚከፍተውን ሕክምና ከቲሞሎል ጠብታ ጋር ያነጻጸረ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካላቸው ዓይኖች በሌዘሩ 61 ከመቶ፣ በጠብታው 31 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በሌዘር ከጀመሩት ታካሚዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ለሦስት ዓመት ጠብታ ሳያስፈልጋቸው ግፊታቸው በሚፈለገው ልክ መቆየቱን መዝግቧል። ይህ ታላቅ ዜና ነው፤ ሌዘር ባለበት ሁሉ በቅድሚያ ሊታሰብ ይገባዋል። ነገር ግን ሌዘሩ በሁሉም ቦታ የለም፣ ለሁሉም የግላኮማ ዓይነት አይሆንም፣ ውጤቱም ከዓመታት በኋላ ሊቀንስ ይችላል። በሞሺም 39 ከመቶው ዓይን በአንድ ዓመት ውስጥ የሚፈለገውን ውጤት አላገኘም። ጠብታ ገና ለብዙ ዘመን አብሮን ይኖራል። ማን ቀድሞ ወደ ሌዘር መላክ እንዳለበት የምንረዳውም ጠብታውን ማድረግ ያልቻለው ማን እንደሆነ ስናውቅ ነው።

እንግዲህ የሚጠየቀው ነገር ትንሽ ነው። ሁለተኛ ብልቃጥ ከመታዘዙ በፊት አራት ነገሮች ይታዩ፤ የማይወቅስ ጥያቄ ይጠየቅ፣ የመጨረሻው ብልቃጥ የተገዛበት ቀን ይቆጠር፣ ታካሚው እዚያው ፊት ለፊት አንድ ጠብታ አድርጎ ያሳይ፣ ለምን እንደዘለለ ምክንያቱ በካርዱ ላይ ይጻፍ። አንዱ መለኪያ የሚስተውን ሌላው ይይዘዋል፤ አራቱም ውድ መሣሪያ አይፈልጉም።

ታካሚ የሆኑ አንባቢዎችም ድርሻ አላችሁ። ለቀጠሮ ስትሄዱ የምትጠቀሙበትን ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ። በከፈታችሁበት ቀን ቀኑን ጻፉበት፤ ላታኖፕሮስት ከተከፈተ ከስድስት ሳምንት በኋላ ይጣላል። ጠብታውን ስታደርጉ እጃችሁን ታጠቡ፣ ቀና በሉ፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጋችሁ አንድ ጠብታ ብቻ ጣሉ፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለአንድና ሁለት ደቂቃ በጣት ጫን በሉ፤ ሌላ ዓይነት ጠብታ ካለ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። የዘለላችሁበት ቀን ካለ ሳትፈሩ ተናገሩ። ሐኪማችሁ ሊያድነው የሚችለው ገና ያልጠፋውን ዕይታ ብቻ ነው፤ እሱንም የሚያድነው እውነቱን ሲያውቅ ነው።